የሸመገለው ላንድክሩዘር፤ ጠባዩና አያያዙ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1951 ዓ.ም. ከጃፓኑ የፉጂ ተራራ እስከ ስድስተኛው ማረፊያ ወጥቶ ብርታቱን ያስመሰከረው፣ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ ላንድክሩዘር የሚለውን ስም የወረሰው የቶዮታ መኪና፣ በአገራችን ዳገትና አቧራ ላይ ስመ ጥር ከሆኑት ተሽከርካሪዎች አንዱ ነው። ከትውልዱ መካከል ይህ ጽሑፍ የሚያስተዋውቀው፣ በዚያው አቆጣጠር ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ የወጣውን፣ መካኒኮች 1ኤችዜድ የሚሉትን ባለ 4.2 ሊትርና ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር የተሸከመውን ነው። ይህ ሞተር ተርቦ የሌለው፣ አሠራሩም በመፍቻ የሚፈታና በእጅ የሚዳሰስ በመሆኑ፣ ብዙ መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላም ለሥራ ብቁ ሆኖ ይገኛል፤ ሆኖም ባለቤቱ ቸል ያለው እንደ ሆነ፣ ሕመሙን አስቀድሞ የሚገልጸው በነዳጅ ፍጆታው ነው።

ስለዚህ የአሮጌ መኪና ባለቤት ቀዳሚ ተግባሩ መቁጠር ነው። ታንኩን እስከ አፉ ሞልቶ የኪሎ ሜትሩን ቁጥር በደብተር ከመዘገበ በኋላ፣ ዳግመኛ እስከ አፉ ሲሞላ የተጓዘውን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር ቢያካፍል፣ ጤነኛው ሞተር በደኅና አስፋልት በሊትር ስምንት ወይም ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ያህል እንደሚሄድ ይረዳል፤ ቁጥሩ እየወረደ ከመጣ ግን ምክንያቱን መመርመር ይገባል።

ምርመራው ከአየር ይጀምራል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ፣ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ የሳሳ ስለ ሆነ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር ድሮውንም ትንፋሽ ያጥረዋል፤ በዚህ ላይ የአየር ፊልትሮው በአቧራ ከታፈነ፣ ናፍጣው የሚነድበት አየር አጥቶ ጥቁር ጢስ እየሆነ በከንቱ ይወጣል። ሰማያዊ ጢስ የሞተር ዘይት አብሮ እየነደደ መሆኑን፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ነጭ ጢስ ደግሞ የኢንጀክተሩን ድካም ወይም ውኃ በቴስታታው በኩል ሾልኮ መግባቱን ያመለክታል።

ሁለተኛው የናፍጣው ንጽሕና ነው። የነዳጅ ፓምፑ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ስለ ሆነ፣ ከበርሜል ወይም ከማደያ የመጣ ውኃ ብርቱ ጠላቱ ነው። ከነዳጅ ፊልትሮው ሥር ያለችውን ማስተንፈሻ ብሎን ጥቂት አላልቶ፣ ከላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ ደጋግመው ቢጫኑት፣ ከናፍጣ የሚከብደው ውኃ አስቀድሞ ይወርዳል፤ ጥሩ ናፍጣ ሲከተል ብሎኗ ትጠብቃለች።

ከሞተሩ ውጭም ነዳጅ የሚበሉ ነገሮች አሉ፤ ነፋሱ የጎደለ ጎማ፣ ያለ ጭነት ከጣሪያ ላይ የተተወ የዕቃ መጫኛ፣ ያልለቀቀ ፍሬንም እንዲሁ። ከጉዞ ወርደው መዳፍን ወደ አራቱም ቸርኬዎች ጠጋ ቢያደርጉ፣ ከሌሎቹ ለይቶ የሚግለው ፍሬኑ የያዘው ወይም ኩሽኔታው ያለቀበት ነው።

ቁልቁለት ላይ ማርሹን ነፃ ማድረግ ነዳጅ ያድናል የሚለው የብዙ ሾፌሮች እምነት ግን መታረም አለበት። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ ሰው መኪናውን በማርሽ ይዞ እግሩን ከነዳጅ መርገጫው ቢያነሣ፣ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ስለ ሆኑ ፓምፑ ናፍጣውን ይገታል፤ ነፃ ያደረገው እንደ ሆነ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ናፍጣ መጠጣት ግድ ይሆንበታል፣ ከሁለት ቶን በላይ የሆነውንም ክብደት ፍሬኑ ብቻውን ተሸክሞ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይታመንም።

የሞተር ዘይትን ከነፊልትሮው በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ መለወጥ ሁሉም የሚያውቀው ሥርዓት ነው። ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ከሽፋኑ ውስጥ ተሰውሮ የሚዞረው ጥርሳሙ የታይሚንግ ቺንጋ ነው፤ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ሳይለወጥ ቀርቶ በጉዞ ላይ ቢበጠስ፣ ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ተጋጭተው ይጣመማሉ፣ የአንድ ቺንጋ ቸልታም ሞተርን የማውረድ ወጪ ያመጣል። እንግዲህ ያገለገለ ላንድክሩዘር ገዝቶ ይህ ቺንጋ መቼ እንደ ተለወጠ የታመነ ማስረጃ ያላገኘ ሰው፣ ሩቅ መንገድ ከመውጣቱ በፊት አዲስ ያስገጥም፤ ያስገጠመበትንም ኪሎ ሜትር ይመዝግብ።