ከሺፍት ዝርዝር ላይ የጠፋው ስም

ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ በክሊኒኩ በር እናልፋለን። ሰልፉ ላይ የሚቆሙት አብዛኞቹ እናቶች ናቸው፤ ልጅ ያዘሉ፣ እርጉዞች፣ አሮጊቶች። ውስጥ ገብተን ስናይ ካርድ የሚጽፉት፣ ሕፃን የሚመዝኑት፣ የሚያስተረጉሙትም ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። አቤቱታ ይዞ ወደ ኃላፊው ቢሮ የገባ ሰው ግን የሚያገኘው ወንድ ነው። እኛም ለዓመታት እያየን ምንም አልመሰለንም ነበር።

ነገሩን ያስነሣችብን የቀድሞ ተማሪያችን ናት። የእሷንም የክሊኒኩንም ስም አንጠራም። እዚሁ ካኩማ ፎርም ፎር ጨርሳ፣ አጭር የጤና ሥልጠና ወስዳ፣ አራት ዓመት ሙሉ በኢንሴንቲቭ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ በአማርኛና በኦሮምኛ ስታስተረጉም ኖራለች። ስታረግዝ ሱፐርቫይዘሯ አሁን እረፊ፣ ስትወልጂ ትመለሻለሽ አላት። ደብዳቤ የለ፣ ፊርማ የለ፣ በቃል ብቻ። አራስነቷን ጨርሳ ስትመለስ ግድግዳው ላይ በተለጠፈው የሺፍት ዝርዝር ስሟ የለም፤ በቦታዋ ወንድ ገብቷል። በሚቀጥለው ወር ነይ ተባለች። ይኸው አምስተኛ ወሯን ይዛለች።

እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የኬንያ የሥራ ሕግ ለወለደች ሠራተኛ ከነሙሉ ደመወዟ ሦስት ወር ይሰጣታል። ስትመለስም ወደ ቀድሞ ሥራዋ ወይም ከዚያ ወደማያንስ ተስማሚ ሥራ የመግባት መብት አላት። በእርግዝና ምክንያት ማዳላትም ክልክል ነው። ልጅቷ ይህን ስትጠቅስ የተሰጣት መልስ፣ ያንቺ ኢንሴንቲቭ ነው እንጂ ደመወዝ አይደለም የሚል ሆነ። ሲያሠሩ ሠራተኛ፣ መብት ሲጠየቅ በጎ ፈቃደኛ!

ጉዳቱ ደግሞ በእሷ ብቻ አይቆምም። አንዲት እናት ምጥ ይዟት ገባች እንበል። አሁን የሚያስተረጉምላት ወንድ እዚያው ብሎኳ ውስጥ የሚኖር፣ ከባሏ ጋር ካርታ የሚጫወት ልጅ ነው። ደም እየፈሰሳት መሆኑን፣ ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ እንዳስወረዳት፣ ቤት ውስጥ መመታቷን ለእሱ እንዴት አድርጋ ትናገር? ሆዴን ነው ያመመኝ ብላ ዝም ትላለች። ነርሷም የተነገራትን ትጽፋለች። ልጁን አንወቅስም፣ እሱም እንጀራ ፈልጎ ነው። ነገር ግን ደም የሚፈሳት እናት ዝም ካለች ምን እንደሚመጣ ያልቀበረ ሰው በካምፓችን ጥቂት ነው።

ማታ ሺፍት ለሴት አይሆንም የሚሉ አሉ። መንገዱ ጨለማ ነው፣ ደረቁን ወንዝ ተሻግሮ መሄድ ያስፈራል፤ ይህ እውነት ነው። ታዲያ መብራትና የሚያደርስ መኪና ይጠየቃል እንጂ ሴቲቱ ትቀራለች? ማታ ያልሠራች ለሥልጠና አትታጭም፣ ያልሠለጠነች ደግሞ ኃላፊ አትሆንም። ባሎችም አለንበት፤ ሚስቱ ሌሊት ስትወጣ ሰው ምን ይለኛል የሚለው ብዙ ነው። እኛ መምህራንም ንጹሕ አይደለንም። አንድ ጊዜ ለጤና ሥልጠና ተማሪ ምረጡ ስንባል፣ ሴቶቹ ያገባሉ ብለን የወንዶቹን ስም ሰጥተናል። ከዚያ መካከል ከሁሉም የሚበልጥ ውጤት የነበራት ሴት ነበረች።

ይህ የካምፕ ጣጣ ብቻም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት በጤናና በማኅበራዊ አገልግሎት ከሚሠሩት 70 በመቶው ሴቶች ሲሆኑ፣ ከፍተኛውን የኃላፊነት ቦታ የያዙት ግን 25 በመቶ ብቻ ናቸው። በ2022 ደግሞ ይኸው ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እንዳስታወቁት በዚህ ሙያ የሴቶቹ ክፍያ ከወንዶቹ በ24 በመቶ ገደማ ያንሳል። ሴት ለዚህ ሥራ አትሆንም የሚል ካለ፣ ከገጠር የመጡ ወገኖቻችንን ይጠይቅ። ከ2003 ወዲህ በኢትዮጵያ ቤት ለቤት እየዞሩ ክትባትና የወሊድ ምክር ያደረሱት ከ30,000 በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴቶች ናቸው፤ ደመወዝም አላቸው።

ተማሪያችን አሁን ልጇን አዝላ ገበያው ዳር ሻይ ትሸጣለች። ሌሊት ምጥ የያዛት ጎረቤት ግን አሁንም በሯን ታንኳኳለች፣ እሷም ያለ ክፍያ ተነሥታ ክሊኒኩ ድረስ ታደርሳለች። ባለፈው ሳምንት አብረናት ተቀምጠን አቤቱታዋን በእንግሊዝኛ ጻፍንላት፤ የሠራችባቸውን ዓመታት፣ የወለደችበትን ቀን፣ የተባለችውን ሁሉ አስገባን። አንዱን ቅጂ የአቤቱታ ሣጥን ውስጥ ከተትን፣ ሌላውን ለማኅበረሰቡ ሊቀ መንበር ሰጠን፣ ሦስተኛው ቤቷ ነው። ይህ ጽሑፍ እስከተዘጋጀበት ቀን ድረስ መልስ አልመጣም። ሰኞ ከክፍል በኋላ አብረናት ቢሮው እንሄዳለን።