የሕንዳውያን የሆሊ በዓል፤ ልማዱና ትርጉሙ

ከሂንዱዎች በዓላት መካከል በውጭ አገር ሰው ዘንድ እጅግ ከታወቁት አንዱ ሆሊ ነው። ይሁን እንጂ የታወቀው በመልኩ እንጂ በትርጉሙ አይደለም። ቀይ፥ ቢጫና አረንጓዴ ዱቄት ተነስንሶበት የሚስቅ ሰው ፎቶግራፍ ያላየ ጥቂት ነው፤ ሰውየው ስለ ምን እንደሚስቅ፥ ቀለሙንስ የቀባው ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ግን ብዙ አይገኝም። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ብዙ ሕንዳውያን መምህራን በአገራችን ትምህርት ቤቶች ስላስተማሩ የሕንድ ነገር ለእኛ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም፤ ስለዚህ ጥያቄውን ማንሣት ይገባናል ብለን እናምናለን። በዚህች አጭር ጽሑፍ የበዓሉን ጊዜ፥ ስለ አመጣጡ የሚተረከውንና አከባበሩን በቅደም ተከተል ካመለከትን በኋላ፥ በመጨረሻ ትርጉሙን እንመረምራለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የበዓሉ ጊዜ

ሂንዱዎች ለበዓላታቸው ወራትን የሚቆጥሩት በጨረቃ ነው። ሆሊ የሚውለው ፋልጉን በሚባለው ወር ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበት ጊዜ ሲሆን፥ ይህም በእኛ አቆጣጠር በየካቲት ወይም በመጋቢት ላይ ይወድቃል። አሥራ ሁለት የጨረቃ ወራት ተደምረው 354 ቀን ያህል ብቻ ስለሚሆኑ፥ ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያህል ያንሳሉ። እኛ ባለ 30 ቀን ወሮቻችን የሚያስቀሩትን ጉድለት በጳጉሜን እንደምንሞላ ሁሉ፥ እነርሱም በየ32 ወይም 33 ወሩ ግድም አንድ ሙሉ ወር ይጨምራሉ። ስለዚህም የበዓሉ ቀን ወዲያና ወዲህ ቢልም ከወቅቱ አይወጣም።

ከወቅቱ አለመውጣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በሰሜን ሕንድ በዚህ ጊዜ ብርዱ ያልፋል፤ በብርዱ ወራት መግቢያ የተዘራው ስንዴ፥ ገብስና ሽምብራ ለአጨዳ ይቃረባል፤ ፓላሽ የሚባለውም ዛፍ ቅጠሉን አራግፎ እሳት የመሰለ አበባ ያብባል። ደግሞም በሰሜኑ አቆጣጠር ወር የሚያልቀው በሙሉ ጨረቃ ስለ ሆነ፥ ከበዓሉ ማግስት ቻይትራ የተባለው አዲስ ወር ይገባል። እንግዲህ ሆሊ በብርድና በሙቀት፥ በአሮጌና በአዲስ እህል፥ ባለቀና በጀመረ ወር መካከል የቆመ በዓል ነው።

የሚተረኩት ታሪኮች

ስለ በዓሉ መነሻ በተለይ ሁለት ታሪኮች ይነገራሉ። የመጀመሪያው የሂራንያካሺፑ ነው። ይህ የአጋንንት ንጉሥ በብዙ ተጋድሎ ከብራህማ አንድ ስጦታ ተቀበለ፤ ይኸውም ሰውም ሆነ አውሬ፥ በቀንም ሆነ በሌሊት፥ በቤት ውስጥም ሆነ በውጭ፥ በምድርም ሆነ በአየር፥ በማናቸውም መሣሪያ እንዳይገድለው ነው። ከዚህ በኋላ ሕዝቡ ሁሉ እርሱን ብቻ እንዲያመልክ አዘዘ። ነገር ግን የገዛ ልጁ ፕራህላድ ቪሽኑን ማምለኩን አልተውም አለ። ንጉሡም እሳት የማይነካትን እኅቱን ሆሊካን፥ ልጁን ታቅፋ በሚነደው እንጨት ላይ እንድትቀመጥ አደረገ። እርስዋ ተቃጠለች፤ ልጁ ግን ዳነ። በመጨረሻም ቪሽኑ ግማሽ ሰው ግማሽ አንበሳ ሆኖ ተገለጠና፥ ቀን ከሌሊት በሚለይበት ሰዓት፥ በበሩ ደፍ ላይ፥ ንጉሡን በጭኑ ላይ አስተኝቶ በጥፍሩ ገደለው። የበዓሉ ስም ከዚህችው ከሆሊካ ጋራ የተያያዘ ነው።

ሁለተኛው ታሪክ የክሪሽና ነው። ክሪሽና መልኩ ጥቁር ስለ ነበረ፥ ቀይዋን ራዳን እያየ ያዝን ነበር ይባላል። አሳዳጊ እናቱ ያሾዳም፥ እንግዲያው የወደድኸውን ቀለም ፊትዋን ቀባት አለችው። እርሱም ቀባት፤ የመልክ ልዩነታቸውም ጠፋ። የፊተኛው ታሪክ ስለ እሳቱ፥ የኋለኛው ስለ ቀለሙ ይናገራል። በዓሉም እንዲሁ የሁለት ቀን ነው።

አከባበሩ

ልጆችና ጎረምሶች አስቀድመው ብዙ ቀን እንጨትና ኩበት ሲሰበስቡ ይሰነብታሉ። በዋዜማው ሌሊት ጨረቃ ስትወጣ ክምሩ ይለኮሳል፤ ሕዝቡ እሳቱን ይዞረዋል፤ የገብስና የሽምብራ እሸት በነበልባሉ ጠብሶ ይካፈላል፤ በአመዱም ግንባሩን ይቀባል። ይህን ሲያነብ የእኛ አንባቢ ደመራን ሳያስታውስ አይቀርም። ሆኖም መመሳሰል ዝምድና አይደለም፤ ደመራ የመስቀሉ መገኘት መታሰቢያ ሲሆን፥ ያኛው እሳት የሆሊካ መቃጠል ነው። አንድ ዓይነት ሥርዓት በሁለት አገር ፈጽሞ የተለያየ ነገር ሊናገር ይችላል።

በማግስቱ ጧት የቀለም ጨዋታው ይጀመራል። ጉላል የተባለውን ደረቅ ዱቄት በፊት ላይ ይቀባባሉ፤ ፒችካሪ በሚባል መርጫም ቀለም ያለበት ውሃ ይረጫጫሉ። ጥንት ቀለሙ የሚገኘው ከእርድና ውሃ ውስጥ ከተዘፈዘፈው የፓላሽ አበባ ነበር። በኋላ ግን በፋብሪካ የሚሠራው ርካሽ ቀለም ቦታውን ስለ ያዘ፥ ዓይንና ቆዳ የሚጎዱ ሰዎች አሉ፤ ስለዚህ ወደ አበባው ቀለም እንመለስ የሚሉ ወገኖች ተነሥተዋል። እኩለ ቀን ሲሆን ጨዋታው ይቆማል። ሁሉም ታጥቦ ንጹሕ ልብስ ይለብሳል፤ ዘመድ ይጠያየቃል፤ የተጣላ ይታረቃል። ጉጂያ የተባለ፥ ወተት ተኖ የቀረው ዝቃጭ በሊጥ ተጠቅልሎበት የሚጠበስ ጣፋጭ ይቀርባል።

አከባበሩ እንደየአገሩ ይለያያል። የራዳ መንደር ናት በምትባለው በባርሳና፥ ከዋናው ዕለት ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ የናንድጋዎን ወንዶች ይመጣሉ፤ ሴቶቹ በረዥም ዱላ ይደበድቧቸዋል፤ ወንዶቹ በጋሻ ከመከላከል በቀር እጃቸውን አያነሡም። በቤንጋል የክሪሽናና የራዳ ምስል በዥዋዥዌ ላይ ተቀምጦ ይከበራል። እስልምናን የሚከተሉት የሞጉል ነገሥታት እንኳ ከበዓሉ አልራቁም፤ ጃሃንጊር በቤተ መንግሥቱ ሆሊ ሲጫወት የሚያሳይ ሥዕል አለ። ከ1834 ወዲህ በውል ለሸንኮራ እርሻ ሥራ የተጋዙት ሕንዳውያንም በዓሉን ወደ ሞሪሺየስ፥ ጉያና፥ ትሪኒዳድ፥ ሱሪናምና ፊጂ ይዘውት ሄደዋል።

ትርጉሙ

ክፉ በደግ ተሸነፈ፥ ጸደይ ገባ፥ ፍቅር ሰፈነ ማለት ትክክል ነው፤ ግን አይበቃም። ዝቅተኛው ከፍተኛውን ስለ ምን ይመታል የሚለውን አይመልስምና። ለዚህ ጥያቄ የሚረዳን አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ተመራማሪ ማኪም ማሪዮት ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በኡታር ፕራዴሽ በአንዲት መንደር ኖሮ ያየውን በ1966 ባወጣው ጽሑፍ ገልጿል። በዚያች መንደር በሆሊ ዕለት የእግራቸውን አገዳ በዱላ የሚመቱት ሀብታሞቹ ገበሬዎች ነበሩ፤ ከመቺዎቹም ደፋሮቹ፥ ፊታቸውን የተከናነቡ የዝቅተኛ ካስት ሠራተኞች ሚስቶች ነበሩ። በሕይወት ላለ አራጣ አበዳሪ በደጁ ሙሾ ይወጣለታል። የሆሊ ንጉሥ የተባለውም ሰው በአህያ ላይ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ይዞራል። ማሪዮት እንደ ተረዳው፥ በዓሉ እያንዳንዱን ሰው ለአንድ ቀን በተቃራኒው ሰው ሥፍራ ያቆመዋል።

እዚህ ላይ ሁለት አስተያየት ይቻላል። አንዱ፥ በዓሉ የታመቀውን ምሬት አስተንፍሶ የቀድሞውን ሥርዓት ያጸናል የሚል ነው፤ በማግስቱ ገበሬው ጌታ፥ ሠራተኛውም ሎሌ ሆኖ ያድራልና። ሌላው፥ ሥርዓቱ የማይለወጥ አለመሆኑን ሰዎች በዓመት አንድ ጊዜ በዓይናቸው ያዩበታል የሚል ነው። እኛ ከሁለቱ አንዱን ከመምረጥ በፊት፥ በጨዋታው ውስጥ ያልገባው ማን ነው ብሎ መጠየቅ ይሻላል እንላለን።

ለዚህ ጥያቄ የቭሪንዳቫን ከተማ ምሳሌ ትሆናለች። ከተማይቱ የክሪሽና ከተማ ስለ ሆነች ሆሊ እዚያ እጅግ ይደምቃል። ነገር ግን በዚያው በሺህ የሚቆጠሩ መበለቶች ይኖራሉ፤ በልማድ መበለት ነጭ ልብስ ለብሳ ከቀለምና ከደስታ መራቅ ይገባታል ስለሚባል፥ የቀለሙን በዓል በዳር ሆነው ያዩ ነበር። በ2013 ግን በሚኖሩበት ማደሪያ ውስጥ ቀለም መጫወት ጀመሩ፤ በ2016 ደግሞ በጥንታዊው በጎፒናት ቤተ መቅደስ በይፋ አከበሩ። አንዳንድ ሰዎች ቢነቅፉም ልማዱ ቀጥሏል።

በሌላ በኩል፥ ሆሊ ስለ ሆነ አትቀየሙ የሚለው የበዓሉ አባባል ለብልግና መሸፈኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በ2018 በዴልሂ የሚማሩ ሴቶች ተማሪዎች፥ በሆሊ ሰሞን በመንገድ ላይ ፈሳሽ የተሞላ ፊኛ ተወርውሮብናል ብለው አደባባይ ወጥተዋል። ልዩነቱ ግልጽ ነው። በባርሳና ደካማው ኃይለኛውን ይመታል፤ በዴልሂ መንገድ ግን ኃይለኛው ያው ኃይለኛ ሆኖ ቀርቷል፤ የተገለበጠ ነገር የለም።

ከዚህ የምንደርስበት ሐሳብ ይህ ነው፤ የሆሊ ትርጉም በታሪኩ ብቻ የተጻፈ ሳይሆን፥ በየዓመቱ ማን ማንን እንደሚቀባ የሚወሰን ነው። የቭሪንዳቫን መበለቶች አዲስ ታሪክ አልፈጠሩም፤ የክሪሽናንና የራዳን ታሪክ፥ ቀለም ልዩነትን ያጠፋል የሚለውን፥ ለራሳቸውም አደረጉት እንጂ። የራሳችንን በዓላት የምናጠና ተማሪዎችም ከመዝሙሩና ከሥርዓቱ ሌላ፥ በዳር ቆሞ የሚያየው ማን እንደ ሆነ ብንመዘግብ ጥናታችን የተሟላ ይሆናል።