ወደ ደቡብ የሚወስደው የትኛው መንገድ ይሻላል? የጉዞ መስመር ምርጫ ከቡልቡላ ሲታይ



የዛሬው ርእሴ ለአደባባይ ንግግር የሚበቃ አይመስልም፤ ነገር ግን በየቤቱ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። ወደ አርባ ምንጭ፣ ወደ ዲላ፣ ወደ ሞያሌ ወይም ወደ ጎባ ለመጓዝ ያሰበ ሰው መኪናውን ከማስነሣቱ በፊት «በየት በኩል ልሂድ?» ብሎ ይጠይቃል። አንዱ «በሞጆ» ይለዋል፤ ሌላው «በቡታጅራ ይቀርብሃል» ይለዋል፤ ሦስተኛው ስልኩን አውጥቶ ካርታውን ያሳየዋል። መላሾቹ ሁሉ እርግጠኞች ናቸው፤ መልሳቸው ግን አንድ አይደለም። የሚለያዩትም ከመካከላቸው አንዱ ስለተሳሳተ ሳይሆን እያንዳንዱ የሚመዝነው ነገር የተለያየ ስለሆነ ነው። ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው ይህንኑ ሚዛን ነው። መመልከቻ አድርጌ የመረጥኩት ቡልቡላን ነው። ቡልቡላ ከባቱ በስተ ደቡብ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ብዙ ተጓዥ ስሟን ሳይጠይቅ የሚያልፋት የመንገድ ዳር ከተማ ናት።

በመጀመሪያ መሬቱን እንመልከት። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ የሚወርዱ ሦስት መስመሮች አሉ፤ ሦስት የሆኑትም በአጋጣሚ አይደለም። ስምጥ ሸለቆው አንድ ወለልና ሁለት ትከሻዎች አሉት። የመካከለኛው መስመር በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ፣ በአዳሚ ቱሉ፣ በቡልቡላ፣ በአርሲ ነገሌና በሻሸመኔ አድርጎ ወለሉን ይከተላል። የምዕራቡ በአለም ገና፣ በመልካ ቁንጡሬና በቡታጅራ አልፎ በጉራጌ ተራሮች ግርጌ ወደ ሆሳዕናና ወላይታ ሶዶ ይደርሳል። የምሥራቁ ደግሞ ከአዳማ ተነሥቶ በአሰላና በበቆጂ በኩል የአርሲን ደጋ ይወጣል፤ ከዚያም ወደ ዶዶላና ባሌ ይዘልቃል። እግረ መንገዴን ለማስታወስ ያህል፣ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራችው በቆጂ በዚህ በሦስተኛው መስመር ላይ ነች።

የወለሉ መንገድ ቀጥ ያለበት ምክንያት በቡልቡላ አካባቢ ጎልቶ ይታያል። ዝዋይ ወይም ደንበል፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ ብለን የምንጠራቸው አራት ሐይቆች ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት፣ የአየር ጠባዩ ይበልጥ እርጥብ በነበረበት ዘመን፣ አንድ ታላቅ ሐይቅ ነበሩ። ውኃው ሞልቶ በሰሜን በኩል ወደ አዋሽ ይፈስስ እንደነበር የጥንት ዳርቻዎቹ ይመሰክራሉ። ዛሬ መኪናችን የሚሽከረከረው በዚያ ሐይቅ ወለል ላይ ነው። የቡልቡላ ወንዝ ከዝዋይ ወጥቶ መንገዱን በማቋረጥ ወደ አብያታ ሲወርድ የቆረጠው ገደል ውስጥ የተደራረበውን የሐይቅ ደለልና የእሳተ ገሞራ አመድ ማየት ይቻላል። ለነጂው ይህ ሜዳ ምቹ ነው፤ ለመሐንዲሱ ግን ልል አፈር ነው። ጎርፍ በቀላሉ ይሸረሽረዋል፤ በአንዳንድ የስምጥ ሸለቆ ቦታዎችም ከከባድ ዝናብ በኋላ መሬቱ በረዥሙ ይሰነጠቃል።

ስለ መንገዱ ታሪክ ብዙ አልናገርም። የንጉሠ ነገሥቱ አውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ ሥራውም በዓለም ባንክ ብድር ሲታገዝ፣ ዋናው ሐሳብ አውራጃዎችን ከመዲናዋ ጋር ማገናኘት ነበር። ከተሞቹም በመንገዱ ላይ ተሰለፉ። አዲሱ ዘመን የመጣው ከአዲስ አበባ አዳማ በተዘረጋው የፍጥነት መንገድ ነው። ባለ ስድስት መስመሩና 85 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው ይህ መንገድ በ2007 ዓ.ም. መጀመሪያ በክፍያ አገልግሎት መስጠት ጀመረ። እርሱን ተከትሎ የታቀደው የሞጆ–ሐዋሳ የፍጥነት መንገድ በአጠቃላይ 202 ኪሎ ሜትር ሲሆን በአራት ክፍል ተከፍሏል፤ ከሞጆ መቂ 56፣ ከመቂ ባቱ 37፣ ከባቱ አርሲ ነገሌ 57፣ ከአርሲ ነገሌ ሐዋሳ 52 ኪሎ ሜትር ነው። ገንዘቡ ከአፍሪካ ልማት ባንክ፣ ከኮሪያ፣ ከዓለም ባንክና ከቻይና የመጣ በመሆኑ ክፍሎቹ በአንድ ጊዜ አልተጀመሩም፤ በአንድ ጊዜም አላለቁም። ቀድሞ የተከፈተው እስከ ባቱ ያለው ነው። ስለዚህ የመካከለኛውን መስመር የሚመርጥ ተጓዥ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «ፈጣኑ መንገድ ዛሬ የት ላይ ያወርደኛል?» ብሎ ነው። ለብዙ ተጓዦች መልሱ ባቱ ሆኖ ቆይቷል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠብቃቸው አዳሚ ቱሉና ቡልቡላ ናቸው።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። ከሞጆ እስከ ባቱ ያለውን 93 ኪሎ ሜትር በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሰው በ56 ደቂቃ ይጨርሰዋል። በአሮጌው መንገድ በየከተማው እየቀነሰ በአማካይ 50 ቢሄድ 112 ደቂቃ ይፈጅበታል። ትርፉ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ለዚህም ክፍያው ውድ ነው አልልም። ይሁን እንጂ ፍጥነት ጊዜን ቢቆጥብም አደጋን የሚያበዛው ግን በእጥፍ ድርብ ነው። ፍጥነት ሁለት እጥፍ ሲሆን የግጭት ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል። ነጂው አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ተኩል ይፈጅበታል ብንል፣ በ100 የሚሄድ መኪና በደረቅ አስፋልት ላይ እስኪቆም ድረስ ወደ 100 ሜትር ይጓዛል፤ በ50 የሚሄደው ግን በ35 ሜትር ይቆማል። ስዊድናዊው ተመራማሪ ዬራን ኒልሰን ባቀረበው ሞዴል መሠረት የአማካይ ፍጥነት በአንድ በመቶ መጨመር የሞት አደጋን በአራት በመቶ ገደማ ያሳድገዋል።

ይህን ለምን አነሣሁ? ከፍጥነት መንገድ የወጣ ነጂ ዓይኑ ከፍጥነቱ ጋር ተላምዷል። ለአንድ ሰዓት 100 የነዳ ሰው 70 ሲሄድ የቆመ ያህል ይሰማዋል። ይህ የሰው ልጅ የስሜት ሕዋሳት ባሕርይ እንጂ የግዴለሽነት ምልክት አይደለም። ከተማሪዎቼ ጋር በቡልቡላ መንገድ ዳር ተቀምጠን የሚያልፈውን ስንመዘግብ ያየነው የመንገድ ሕይወት ለዚህ ዓይን ፈጽሞ የተዘጋጀ አልነበረም። ውኃ የጫነ የአህያ ጋሪ፣ በድንገት የሚዞር ባጃጅ፣ ወደ ግጦሽ የሚሻገሩ ከብቶች፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆችና ከሞያሌ በኩል የሚመጣ ተሳቢ መኪና በአንድ አስፋልት ላይ ይገናኛሉ። በእኔ ግምት ከአዲስ አበባ እስከ ሐዋሳ ባለው ጉዞ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሹት ኪሎ ሜትሮች ከፍጥነት መንገዱ መውጫ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ምክሬም ቀላል ነው፤ ባቱ ላይ ቁሙ፣ ውረዱ፣ ዓሣም ሆነ ቡና ቅመሱ። ሩብ ሰዓት ዕረፍት ዓይንን ወደ መደበኛ ሚዛኑ ይመልሳል።

ስለ ነዳጅ የሚነገረውንም እንፈትን። «የአሰላው መንገድ ዳገት ስለሆነ ነዳጅ ይበላል» ይባላል። ከአዳማ እስከ አሰላ ያለው የከፍታ ልዩነት ወደ 700 ሜትር ነው። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና ይህን ከፍታ ለመውጣት የሚያስፈልገው ተጨማሪ ጉልበት 14 ሜጋ ጁል ያህል ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ወደ 36 ሜጋ ጁል ይይዛል፤ ሞተሩ ከዚህ ሲሶውን ወደ ሥራ ይለውጣል ብንል፣ ዳገቱ የሚጠይቀው ከአንድ ሊትር ጥቂት የሚበልጥ ነው። ለቤት መኪና ይህ ምንም አይደለም። 40 ቶን ለሚመዝን ተሳቢ ግን ከ20 ሊትር በላይ ይሆናል። የጭነት መኪናዎች ከወለሉ መንገድ የማይወጡት፣ ቡልቡላም ሌሊትና ቀን የሚያጓሩባት ለዚህ ነው። የደጋው መንገድ ለቤተሰብ መኪና የተፈራውን ያህል ውድ አይደለም፤ እውነተኛ ፈተናው በክረምት የሚወርደው ጉም ነው። ወደ ዶዶላ፣ ሮቤና ጎባ ለሚሄድ ሰው ግን በሻሸመኔ በኩል ከመዞር ይልቅ እርሱን እመርጥለታለሁ።

የምዕራቡ መስመር ተገቢውን ዝና ያላገኘ ይመስለኛል። ወደ አርባ ምንጭ በሻሸመኔ በኩል የሚሄድ ሰው ወደ 500 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ በቡታጅራና ሆሳዕና በኩል የሚሄደው ግን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀርለታል፤ ከባድ ተሽከርካሪም ያን ያህል አያጋጥመውም። በመንገዱም በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት መልካ ቁንጡሬና የጢያ ትክል ድንጋዮች ይገኛሉ። ከቡታጅራ በኋላ ያለው ጠመዝማዛና የሰው መኖሪያ የበዛበት ስለሆነ ያጠረው ርቀት ሁሉ ወደ ጊዜ ትርፍነት አይለወጥም። ቢሆንም በበጋ ወራት፣ ማለዳ የተነሣ ሰው ወደ ሶዶና አርባ ምንጭ ሲሄድ ይህን መስመር ቢመርጥ ብልህ ነው። ዲላን፣ ቡሌ ሆራንና ሞያሌን ለሚያስብ ግን ምርጫ የለውም፤ የቡልቡላ መንገድ የእርሱ ነው። ይኸው መስመር ከካይሮ እስከ ኬፕ ታውን የታሰበው የአፍሪካ አውራ ጎዳና አካል መሆኑንም ልብ በሉ።

በስልካችን ያለው ካርታ ይህን ሁሉ ያውቃል ወይ? የኔዘርላንዱ የኮምፒዩተር ሊቅ ኤድስገር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1959 ያሳተመው አጭር መንገድ የመፈለጊያ ስልት ዛሬም በእነዚህ ካርታዎች መሠረት ውስጥ አለ። ስልቱ ፍጹም ነው፤ በየመንገዱ ላይ የሚሰጠውን ክብደት ግን ስልቱ አይመርጥም። ካርታው ደቂቃን ይመዝናል። ጋሪን፣ የገበያ ቀንን፣ ጉምን አይመዝንም። በእሬቻ ሰሞን ሆራ አርሰዲ ላይ የሚሰበሰበው ሕዝብ ቢሾፍቱን እንዴት እንደሚሞላት፣ በዚያ ቀን በቡታጅራ መሄድ ምን ያህል ብልህነት እንደሆነ የሚያውቀው የአገሩ ሰው ነው። የጸጥታውን ሁኔታም ከመነሣታችሁ አንድ ቀን በፊት ከአውቶቡስ ሾፌሮች ጠይቁ።

እንግሊዛዊው ጆን ዋርድሮፕ እ.ኤ.አ. በ1952 ደግሞ ሌላ ነገር አስረዳ። ሁሉም ለራሱ ፈጣኑን ሲመርጥ ውጤቱ ማንም መንገዱን ቀይሮ ጊዜውን ማሳጠር የማይችልበት ሚዛን ይሆናል፤ ይህ ሚዛን ግን ለሁሉም በድምሩ የሚሻለው ላይሆን ይችላል። በበዓል ዋዜማ ሁላችንም ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ በአንድ በር ስንወጣ የምናየው ይህንኑ ነው። እርሱ የቆጠረው ግን ተጓዦችን ብቻ ነበር። መንገዱ ዳር የሚኖረው ሰው በስሌቱ ውስጥ የለም።

የቡልቡላ ጉዳይ እዚህ ላይ ይከብዳል። የፍጥነት መንገድ የሚገባበትና የሚወጣበት ሥፍራ የተወሰነ ነው፤ በአጥር የተከለለ ነው። ተጓዡ በእርሱ ሲያልፍ በመንገድ ዳር ቲማቲም፣ ሽንኩርትና ፍራፍሬ የምትሸጠው ሴት ገዢዋን ታጣለች፤ ምግብ ቤቱና ጎሚስታው እንዲሁ። በሌላ በኩል አሮጌው አስፋልት የከተማው የራሱ ጎዳና ይሆናል፤ ልጆች በሰላም ይሻገራሉ፤ ጋሪው ቦታ ያገኛል። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱን ሳንጠቅስ ሌላውን ብቻ የምናወራ ከሆነ ግማሽ ሒሳብ ሠርተናል። በቡልቡላ የተገነባው የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከመንገድ ዳር ሽያጭ የተሻለ ገበያ ለገበሬው ሊያመጣ ይችላል፤ ይህ የሚሆነው ግን የገበሬው ምርት ከቀበሌው እስከ ፓርኩ የሚደርስበት ጥርጊያ መንገድ በክረምትም የሚያስኬድ ከሆነ ነው። ስለ 202 ኪሎ ሜትሩ ብዙ ጥናት እናቀርባለን፤ ስለዚያ ጥርጊያ መንገድ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ ተማሪ ግን እምብዛም አይመጣልኝም።

ወንዙም አለ። መንገዱ ሲሻሻል የመስኖ እርሻውና የአበባ ልማቱ ወደ ገበያ ቀረቡ፤ ከዝዋይ የሚሳበው ውኃም በዛ፤ በቡልቡላ ወንዝ በኩል ወደ አብያታ የሚወርደው ቀነሰ። አብያታ ዳርቻው ወደ ኋላ እየሸሸ፣ ጨዋማ ሜዳ ትቶ እየጠበበ ነው፤ የሶዳ አሽ ምርቱም የራሱ ድርሻ አለው። የመስመር ምርጫን በደቂቃና በሊትር ብቻ የሚለካ ትምህርት ይህን በየትኛው ዓምድ ሊያስገባው እንደሚችል ከትራንስፖርት ክፍል ተማሪዎች ጋር ብዙ ተከራክረናል። እኔ በወጪ ዓምድ ውስጥ መግባት አለበት ከሚሉት ወገን ነኝ፤ የተቃወሙኝም እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ጥያቄውን ከእነርሱ ብንጀምር ደስ ይለኛል።