የሰማይ ማማ

በሻሸመኔ አጠገብ በምትገኘው በኩየራ የበቆሎ ማሳ የሚጠብቅ ሰው ማማ ሠርቶ ይወጣል እንጂ በአንድ አገዳ ሥር አይቀመጥም፤ ዝንጀሮው በየት በኩል እንደሚገባ አስቀድሞ አይታወቅምና። የሰማይን ነገር የሚመረምሩ ሊቃውንትም ዛሬ ይህንኑ ብልሃት ይዘዋል።

በሰማይ ላይ ድንገት በርተው በጥቂት ደቂቃ ወይም በጥቂት ቀን የሚጠፉ የኤክስሬይ ምንጮች አሉ፤ ይኸውም ግዙፍ ኮከብ ሲሞት፥ ወይም ብርሃን እንኳ የማያመልጠው ጥቁር ጉድጓድ ኮከብን ሲውጥ የሚሆን ነው። ጨረሩን አየራችን ስለሚያስቀረው መነጽሩ ወደ ጠፈር መውጣት አለበት። ለዚህ ሥራ ብቻ የተሠራው የመጀመሪያው ሳተላይት ከጎረቤታችን ከኬንያ ባሕር ጠረፍ ታኅሣሥ 3 ቀን 1963 ዓ.ም. ተላከ፤ ዕለቱም የኬንያ ነጻነት 7ኛ ዓመት በዓል ስለ ነበረ «ኡሁሩ» ማለት «ነጻነት» ተባለ።

ኤክስሬይ መስተዋትን ፊት ለፊት ሲመታ አይመለስም፤ የሚመለሰው እጅግ አዘንብሎ ሲነካ ብቻ ነው። ስለዚህ የተለመደው መነጽር የሚያየው ጠባብ ቦታ ነው። መፍትሔው ሎብስተር ከተባለው የባሕር ፍጥረት ዐይን ተገኘ፤ በዐይኑ ያሉት ጥቃቅን አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች ብርሃኑን በግድግዳቸው እያነጠሩ ወደ አንድ ነጥብ ይሰበስባሉ። ሮጀር ኤንጀል የተባሉት ሊቅ ይህን ሐሳብ ለኤክስሬይ መነጽር ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1979 ነበር።

በዚህ ብልሃት የተሠራው «አንስታይን ፕሮብ» የተባለው የቻይና ሳተላይት፥ አውሮፓውያን ተባባሪ ሆነውበት፥ ታኅሣሥ 30 ቀን 2016 ዓ.ም. በልደት በሦስተኛው ቀን ወጣ። በ12 ዐይኖቹ 3600 ካሬ ዲግሪ፥ ማለት ከመላው ሰማይ 11ኛውን እጅ ያህል፥ ባንድ ጊዜ ያያል፤ የምንጩም ምስል የመስቀል ቅርጽ ይዞ ይታያል። ነገር ግን ስፋት የተገኘው ጥራትን በመቀነስ ነው። ስለዚህ ጠባብ ቦታ አጥርቶ የሚያይ ሌላ መነጽር አብሮ ተጭኗል፤ ሰፊው ሲጠቁም ሳተላይቱ ዞሮ ያነጣጥረዋል። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ያየው ብልጭታ ወደ እኛ ለመድረስ 12.5 ቢሊዮን ዓመት ያህል የተጓዘ ነው።

ይሁን እንጂ ጠባቂው ከማማው ሲጮኽ ከታች የሚሮጥ ሰው ከሌለ ጩኸቱ ምን ይጠቅማል? ብልጭታው ሳይጠፋ በምድር ያሉ መነጽሮች ሊከተሉት ይገባል። እኛም በእንጦጦ ስፋታቸው 1 ሜትር የሆነ ሁለት መነጽሮች አሉን። እንግዲህ ባለሥልጣኖች የከተማው መብራት ወደ ሰማይ ሳይሆን ወደ ምድር እንዲያበራ ቢያዝዙ፥ በሌሊት ነቅተው የሚሠሩ ወጣቶችንም ቢያስተምሩ፥ የሰማዩ ጥሪ ሲመጣ መልስ የሚሰጥ ይገኛል። የፀሐይንና የጨረቃን ሂደት በባሕረ ሐሳብ ቀምረው ላቆዩን አባቶች ልጆች ሰማይን መመርመር እንግዳ ሥራ አይደለም።