አንድ ሴሚስተር በአውሮፓ

የልውውጥ ትምህርት ተማሪው ከዩኒቨርሲቲው ሳይለቅ አንድ ወይም ሁለት ሴሚስተር በውጭ አገር የሚማርበት ሥርዓት ነው። በስፋት የሚታወቀው የአውሮፓ ኢራስመስ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1987 ተጀመረ፤ ከ2015 ወዲህ ኢትዮጵያን ጨምሮ ከአውሮፓ ውጭ ላሉ አገሮችም ተከፍቷል።

አዲስ አበባ የሚማር ተማሪ ዕድሉን የሚያገኘው ዩኒቨርሲቲው ከአንድ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ ጋር ስምምነት ካለው ነው። ከተመረጠ በኋላ ተማሪው፣ ላኪውና ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ውል ይፈራረማሉ። ውሉ የሚወሰዱትን ኮርሶች ይዘረዝራል፤ ተማሪው ሲመለስ ውጤቱ የሚያዝለትም በዚሁ መሠረት ነው። በአውሮፓ አሠራር የአንድ ሴሚስተር ሙሉ ትምህርት 30፣ የዓመቱ 60 የክሬዲት ነጥብ ይይዛል።

ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ አይጠይቅም፤ ፕሮግራሙም ለጉዞና ለወር ወጪ ድጎማ ይሰጣል። የአጭር ጊዜ የሸንገን ቪዛ ከ90 ቀን ስለማያልፍ ሴሚስተሩን ለመጨረስ የተቀባዩ አገር የረጅም ጊዜ ቪዛ ያስፈልጋል። ለዚህም የመቀበያ ደብዳቤ፣ የገንዘብ ማስረጃና የጤና መድን ይቀርባል፤ ቀጠሮው ጊዜ ስለሚወስድ ዝግጅቱን ቀደም ብሎ መጀመር ይበጃል።