የተጣለ የዓሣ መረብ ወደ አዲስ ዕቃ የሚለወጥበት መንገድ

በባሕር ወደብ ላይ ተከምሮ የሚታይ አሮጌ የዓሣ መረብ ለተመልካች ከቆሻሻ የሚለይ አይመስልም። ያው መረብ ግን በሌላ አገር ፋብሪካ ገብቶ የወለል ምንጣፍ፥ የመዋኛ ልብስ ወይም የወንበር አካል ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ሥራው ባለፉት ዐሥራ አምስት ዓመታት ገደማ እየተስፋፋ ስለ መጣ፥ «ከባሕር ቆሻሻ የተሠራ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ዕቃ በውጭ አገር ሱቆች ማየት የተለመደ ሆኗል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሦስት ነገሮችን ማስረዳት ነው፤ ይኸውም የተጣለ መረብ የሚያደርሰው ጉዳት ምን እንደ ሆነ፥ መረቡ ወደ አዲስ ዕቃ የሚለወጠው በምን ዓይነት ሥራ እንደ ሆነ፥ በመጨረሻም ይህ ሥራ ባሕሩን የቱን ያህል እንደሚያጸዳ ነው። ከሦስቱ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው የመጨረሻው ጥያቄ መሆኑን አንባቢ ከወዲሁ እንዲያስተውል እንወዳለን። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. መረቡ የማይጠፋ የሆነበት ምክንያት

በቀድሞ ዘመን የዓሣ መረብ ከጥጥ፥ ከተልባ እግርና ከቃጫ ይሠራ ነበር። እንዲህ ያለው መረብ በውሃ ውስጥ ስለሚበሰብስ፥ አጥማጆች በየጊዜው በፀሐይ ያደርቁት፥ የዛፍ ቅርፊት በተቀቀለበት ውሃም ይነክሩት ነበር። ድካሙ ብዙ ቢሆንም አንድ ጥቅም ነበረው፤ በባሕር ውስጥ የጠፋ መረብ ውሎ አድሮ ይበሰብስና ይጠፋል።

በ1935 ዓ.ም. አሜሪካዊው ዋላስ ካሮዘርስ ናይሎን 66 የሚባለውን ሰው ሠራሽ ክር አገኘ፤ በ1938 ደግሞ ጀርመናዊው ፓውል ሽላክ ናይሎን 6 የተባለውን ሌላ ዓይነት ሠራ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አጥማጆች የጥጡን መረብ እየተዉ ወደ ናይሎን ገቡ። ናይሎን ቀላል ነው፥ አይበሰብስም፥ ቀጭን ሆኖ ሳለ ብዙ ሸክም ይችላል፥ በውሃ ውስጥም ለዓሣ ዓይን በቀላሉ አይታይም። ሆኖም መረቡ በእጅ ሳለ ለአጥማጁ በረከት የሆነው ጠባይ፥ መረቡ ሲጠፋ ለባሕሩ መርገም ሆነ። ጌታ የሌለው መረብ ማጥመዱን አያቆምምና። አንድ ዓሣ ተይዞ ይሞታል፤ የሞተው ዓሣ ለሌላው ዓሣና ለሸርጣኑ ማታለያ ምግብ ይሆናል፤ የመጣውም ደግሞ በተራው ይያዛል። ለገበያ ሳይደርስ፥ ለማንም ሳይጠቅም የሚያልቀው ዓሣ የነገው የአጥማጁ እንጀራ ነው።

መረብ የሚጠፋው ሁልጊዜ በክፋት አይደለም። ማዕበል ይወስደዋል፥ ድንጋይ ይይዘዋል፥ በላዩ የሚያልፍ መርከብ ይቈርጠዋል። አንዳንዱ ግን ሆን ተብሎ ይጣላል፤ ወደቡ አሮጌ መረብ የሚቀበልበት ስፍራ ከሌለው ወይም ለመቀበል ገንዘብ ከጠየቀ፥ ባሕሩ ለአጥማጁ ርካሽ መጣያ ይሆንለታል። ማርፖል የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት አምስተኛው ክፍል ከ1988 መጨረሻ ጀምሮ ፕላስቲክን ሁሉ ወደ ባሕር መጣልን ከልክሏል፤ ነገር ግን ሰፊ በሆነው ባሕር ላይ ጣዩን ይዞ መቅጣት ቀላል አይደለም።

የጥፋቱን መጠን ለመገመት በ2022 የወጣ አንድ ጥናት ይረዳናል። አጥኚዎቹ በልዩ ልዩ አገሮች ያሉትን አጥማጆች ጠይቀው እንደ ደረሱበት፥ በዓለም ላይ ከሚሠራበት የማጥመጃ ዕቃ 2 በመቶ የሚሆነው በየዓመቱ ይጠፋል። በውሃ ውስጥ እንደ ግድግዳ ተዘርግቶ የሚቆመው መረብ ብቻ 2,963 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ይህም የጣናን ሐይቅ በሙሉ ሊያለብስ ጥቂት ብቻ ይቀረዋል ማለት ነው። እንዲሁም በሰሜናዊው የፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ በተንሳፈፈው ታላቅ የቆሻሻ ክምችት ውስጥ፥ በ2018 በወጣው ጥናት መሠረት፥ ቢያንስ 79,000 ቶን ፕላስቲክ ሲገመት ከዚህ ክብደት 46 በመቶው የዓሣ መረብ ነው።

2. መረብ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም

አሮጌ መረብ ምን ዓይነት አዲስ ዕቃ ሊወጣው እንደሚችል የሚወስነው የተሠራበት ፕላስቲክ ነው። ብዙ ጊዜ የሚገኙት ሦስት ናቸው፤ እነርሱም ናይሎን፥ ፖሊኢቲሊንና ፖሊፕሮፒሊን ናቸው። በውሃ ውስጥ ቆሞ ዓሣ የሚይዘው ቀጭኑ መረብ ባብዛኛው ናይሎን ነው። ከመርከብ ኋላ የሚጎተተው ወፍራም መረብ ብዙውን ጊዜ ከፖሊኢቲሊን፥ ገመዱ ደግሞ ከፖሊፕሮፒሊን ይሠራል።

እነዚህን ለመለየት የሚረዳ አንድ ቀላል ዘዴ አለ። አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 1 ኪሎ ግራም፥ አንድ ሊትር የባሕር ውሃ ደግሞ 1.025 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ያንኑ ያህል ስፍራ የሚይዝ ናይሎን 1.14፥ ፖሊኢቲሊን 0.95፥ ፖሊፕሮፒሊን 0.90 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ ከመረቡ ጥቂት ቈርጦ፥ በውስጡ አየር እንዳይቀር አሽቶ ውሃ በሞላው ባልዲ ውስጥ ቢጥሉት፥ ናይሎኑ ይሰጥማል፥ ሁለቱ ይንሳፈፋሉ።

ይህ የባልዲ ፈተና የሚነግረን ሌላም ነገር አለ። በውቅያኖስ ላይ ተንሳፎ የሚታየውና ማዕበል ወደ ዳር የሚተፋው መረብ በብዛት ፖሊኢቲሊንና ፖሊፕሮፒሊን ነው። የናይሎኑ መረብ፥ የሚይዘው ተንሳፋፊ ከተለየው፥ ወደ ታች ወርዶ ከዓይን ይሰወራል። ቀጥለን እንደምናየው ግን ለፋብሪካ ከሁሉ ይልቅ የሚፈለገው ይኸው የሰጠመው ናይሎን ነው።

3. የአለዋወጡ ሥራ

ከሁሉ በፊት መረቡ መጽዳት አለበት። ተንሳፋፊው፥ ወደ ታች የሚስበው እርሳስ፥ ብረቱና ገመዱ በሰው እጅ ይፈታሉ፤ ቀንድ አውጣውና አሸዋው ይራገፋል። የዓሣ እርባታ መረብ ብዙ ጊዜ የባሕር አረም እንዳይበቅልበት መዳብ ባለበት ቀለም ስለሚቀባ፥ እርሱንም ማስለቀቅ ያስፈልጋል። ይህ የእጅ ሥራ አሰልቺ ቢሆንም ሊታለፍ አይችልም፤ ተረስቶ የቀረ ቁራጭ ብረት የመቍረጫውን ስለት ይሰብራልና።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ሁለት ነው።

የመጀመሪያው መንገድ ማቅለጥ ነው። መረቡ ተከትክቶ፥ ታጥቦና ደርቆ በሙቀት ይቀልጥና እንደ ምስር ፍሬ ያለ ጥሬ ዕቃ ይሆናል። ይህ ፍሬ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ሲገባ ሌላ ዕቃ ይወጣዋል። በዴንማርክ ሌምቪ በተባለችው ከተማ የሚገኘው ፕላስቲክስ የተባለ ፋብሪካ የሚጎተተውን መረብና ገመዱን በዚህ ዓይነት ይሠራል። በ2013 በቺሊ የተጀመረው ቡሬዮ ደግሞ መጀመሪያ የታወቀው ከአሮጌ መረብ ወጣቶች በአራት ትናንሽ ጎማዎች የሚሄዱበትን የመንሸራተቻ ሰሌዳ በመሥራቱ ነው። ይህ መንገድ ርካሽና ቀላል ነው፤ ጉድለቱ ግን ፕላስቲኩ በቀለጠ ቁጥር ጥንካሬው እየቀነሰ መሄዱ፥ የቀድሞ ቀለሙና እድፉም አብሮት መቅረቱ ነው። ደግሞም ናይሎንና ፖሊኢቲሊን ተቀላቅለው ቢቀልጡ እንደ ዘይትና ውሃ ስለማይዋሐዱ፥ የሚወጣው ዕቃ በቀላሉ የሚሰበር ይሆናል።

ሁለተኛው መንገድ በኬሚስትሪ ወደ መነሻው መመለስ ነው። ናይሎን 6 የሚሠራው ካፕሮላክታም ከተባለ አንድ ነገር ብቻ ነው። የካፕሮላክታም ሞለኪውል 6 የካርቦን አቶሞች ያሉበት ቀለበት ነው፤ ቁጥሩም ለናይሎኑ ስም ሆኖታል። ቀለበቱ በሙቀት ሲከፈት አንዱ ከአንዱ እየተያያዘ ረጅም ሰንሰለት ይሆናል፤ ናይሎን የምንለውም ይህንኑ ሰንሰለት ነው። የሚደንቀው ነገር መንገዱ ወደ ኋላም ማስኬዱ ነው። መረቡ ቀልጦ ብርቱ ሙቀት ያለው እንፋሎት ሲገባበት፥ አንዳንድ ጊዜም ሥራውን የሚያፋጥን ፎስፎሪክ አሲድ ሲጨመርበት፥ ሰንሰለቱ ይበጠስና እንደ ገና ካፕሮላክታም ይሆናል። ይህ ከእንፋሎቱ ጋር ይወጣል፤ ቀለሙና እድፉ ከታች ይቀራሉ። የተሰበሰበው ተጣርቶ እንደ ገና ናይሎን ሲሠራ፥ ከነዳጅ ዘይት ከሚገኘው አዲስ ናይሎን በጥራት አያንስም።

አኳፊል የተባለው የኢጣልያ ኩባንያ በ2011 በስሎቬንያ ዋና ከተማ በልዩብልያና ይህን ሥራ የሚሠራ ፋብሪካ አቋቋመ፤ ክሩም ኤኮኒል ይባላል። ወደ ፋብሪካው የሚገባው ግን መረብ ብቻ ሳይሆን አሮጌ ምንጣፍና ከኢንዱስትሪ የተረፈ ናይሎን ጭምር ነው።

ይህ መንገድ ለሁሉም መረብ እንደማይሆን ማወቅ ይገባል። ናይሎን 66 ከሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች የተሠራ ስለ ሆነ ፈትቶ መለየቱ ይከብዳል። የፖሊኢቲሊን ሰንሰለት ደግሞ በሙቀት ሲበጠስ የሚበጠሰው በየትም ስፍራ ስለ ሆነ፥ አንድ ዓይነት የሆነ ንጹሕ መነሻ በቀላሉ አይገኝበትም።

4. መረቡን የመሰብሰብ ችግር

ኬሚስትሪው ይህን ያህል ከተሳካ፥ መረቡ ለምን ሁሉ አይሰበሰብም? አንድ አጥማጅ የሚጥለው መረብ ክብደቱ ጥቂት ነው፤ ለብቻው ቢጫን የማጓጓዣውን ዋጋ እንኳ አይመልስም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፥ መረቡ ዋጋ የሚያወጣው ከብዙ ሰዎች ተሰብስቦ ሲታሰር ብቻ ነው።

ይህንን በሥራ ያሳየው በ2012 በፊሊፒንስ ዳናሆን ባንክ በተባለው የኮራል ዳርቻ አካባቢ የተጀመረው ሥራ ነው። የለንደን የእንስሳት ጥናት ማኅበርና ኢንተርፌስ የተባለው የምንጣፍ ኩባንያ ተባብረው፥ የመንደሩ ሰዎች አሮጌውን የናይሎን መረብ እየሰበሰቡ በኪሎ የሚሸጡበትን መንገድ አበጁ። መረቡ በመንደር ታጥቦና ተጠቅልሎ ወደ ስሎቬንያው ፋብሪካ ይላክ ነበር፤ ክሩም የቢሮ ምንጣፍ ሆነ። ከሥራው ጋር የመንደር የቁጠባ ማኅበር ስለ ተቋቋመ፥ ባንክ ርቆት የነበረው ቤተ ሰብ ጥቂት ገንዘብ ለማኖርና ለመበደር ቻለ። ትላንት በዳር የሚጣለው መረብ ዋጋ ሲያገኝ የሚጥለው ሰው አነሰ።

አንዳንድ መንግሥታትም ይህንኑ ተረድተዋል። ደቡብ ኮርያ ከ2003 ጀምሮ አጥማጆች ከባሕር ይዘው ለሚመጡት ቆሻሻ ዋጋ መክፈል ጀመረች። የአውሮፓ ኅብረት በ2019 ባወጣው መመሪያ ደግሞ፥ ፕላስቲክ ያለበትን የማጥመጃ ዕቃ የሚሠሩ ኩባንያዎች ዕቃው ሲያረጅ ለሚሰበሰብበት ወጪ ኀላፊ እንዲሆኑ እስከ 2024 መጨረሻ ጊዜ ሰጥቶ አዘዘ።

5. ሥራው ባሕሩን የቱን ያህል ያጸዳል?

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ ደርሰናል። «ከባሕር ቆሻሻ የተሠራ» የሚለውን ያነበበ ሰው፥ ጠላቂዎች ከጥልቁ ያወጡት መረብ ልብስ ሆኖ የመጣለት ይመስለዋል። በርግጥ እንዲህ ያለ ሥራ አለ፤ በ2013 የተቋቋመው ሄልዚ ሲስ የተባለ ድርጅት ፈቃደኛ ጠላቂዎችን እያሰማራ የሰጠመ መረብ ያስወጣል። ነገር ግን ወደ ፋብሪካ ከሚገባው መረብ አብዛኛው የሚመጣው ከወደብና ከዓሣ እርባታ ነው፤ ማለት ገና ወደ ባሕር ሳይጣል የተወሰደ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ከጥልቁ የወጣው መረብ በአሸዋና በዛጎል የተሞላ፥ ልዩ ልዩ ዓይነቱ እርስ በርሱ የተተበተበ፥ አንዳንዱም ያረጀ ስለ ሆነ፥ ለማውጣትም ለማጽዳትም ብዙ ወጪ ይጠይቃል።

ታዲያ ሥራው ከንቱ ነውን? አይደለም። ከወደብ የተወሰደ መረብ ዓሣ የማይገድል መረብ ነው፤ ከጥልቁ አንድ ኪሎ ከማውጣትም፥ አንድ ኪሎ እንዳይገባ መከልከል እጅግ ይረክሳል። ስሕተቱ ያለው ሁለቱን ሥራ በአንድ ስም መጥራት ላይ ነው። ገዢው ባሕሩ እየጸዳ ነው ብሎ ካመነ፥ ከታች የቀረውን መረብ የሚያስታውሰው አይኖርም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ዕቃ የሚገዛ ሰው፥ መረቡ ከየት ተወሰደ፥ ከዕቃውስ ምን ያህሉ መረብ ነው ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። ደግሞም ከመረብ የተሠራ ልብስ እንደ ማንኛውም ሰው ሠራሽ ልብስ በታጠበ ቁጥር ደቃቅ ክር እንደሚያፈስስ፥ ክሩም ወደ ውሃ ተመልሶ ሊሄድ እንደሚችል መርሳት አይገባም።

6. ስለ ሐይቆቻችን

አገራችን ዛሬ የባሕር ጠረፍ የላትም፤ ነገሩ ግን ከእኛ የራቀ አይደለም። በጣና፥ በዝዋይና በጫሞ አጥማጆች የሚዘረጉት መረብ የናይሎን መረብ ነው። የሐይቅ ውሃ ከባሕር ውሃ ስለሚቀል፥ በባሕር የሚሰጥም ናይሎን በሐይቅም መስጠሙ የማይቀር ነው። ደንገሉ ታንኳ ሲያረጅ በስብሶ ወደ መጣበት ይመለሳል፤ በላዩ የተጫነው መረብ ግን አይመለስም።

የመረብ ፋብሪካ ለማቋቋም ብዙ ቶን መረብና ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ መጠኑን ለማወቅ ግን አንድ ሚዛንና አንድ ባልዲ ይበቃሉ። በየሐይቁ ዳር ዓሣ በሚወርድበት ስፍራ በወር ምን ያህል መረብ እንደሚጣል ቢመዘን፥ ናይሎኑ ከሌላው ቢለይ፥ አጥማጆቹም በዓመት ስንት መረብ እንደሚጠፋባቸው ቢጠየቁ፥ ለአንድ የተማሪ ጥናት የሚበቃ ሥራ ይሆናል። የመሰብሰቡ ጥቅም ከወጪው ይበልጥ እንደ ሆነ ወይም እንዳልሆነ የሚታወቀው ከዚህ በኋላ ነው። ባሕር ያላቸው አገሮች መቍጠር የጀመሩት ብዙ መረብ ከሰጠመ በኋላ ነው፤ እኛ ግን ቀድመን ለመቍጠር የሚከለክለን ነገር የለም።