«ደኅና ነኝ» የሚለው ስልክ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሐዋሳ፥ በዲላና በሐገረ ማርያም በኩል ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛ 570 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ያቤሎ ይደርሳል። ደጋው ካለቀ ቆይቷል፤ አፈሩ ቀይ፥ ዛፉ ግራር ነው፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝም ከሰው ቁመት የሚበልጥ ኩይሳ ቆሞ ይታያል። ከዚህ ወዲያ መንገዱ በዱብሉቅና በሜጋ አልፎ ሞያሌ እስኪደርስ የሚቀረው 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሞያሌ ስሟ አንድ፥ መንግሥቷ ሁለት የሆነ ከተማ ናት፤ እኩሌታዋ በኢትዮጵያ፥ እኩሌታዋ በኬንያ ግዛት ውስጥ ትገኛለች። ስለዚህ ያቤሎን የቦረና ዞን ዋና ከተማ ብቻ ሳትሆን ወደ ሰው አገር የሚሄደውና ከሰው አገር የሚመለሰው አረፍ ብሎ ሻይ የሚጠጣባት ደጃፍ ናት ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

በዚህች ከተማ፥ በአውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ በምትገኝ አንዲት ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለ የሰማነው የስልክ ንግግር ነው ዛሬ ብዕር ያስነሣን።

የሻይ ቤቷ ባለቤት ከሆሳዕና አካባቢ የመጣች ወጣት ናት። ወንድሟ ከደቡብ አፍሪካ ደወለላት። እጆቿ ሥራ ይዘው ስለ ነበር ስልኩን ከስኳሩ ቆርቆሮ ጋር አስደግፋ ድምፁን ከፍ አደረገችው፤ ስለዚህ ሳንፈልግ ሁላችንም አደመጥን።

«ደኅና ነሽ ወይ?»

«ደኅና ነኝ። አንተስ?»

«እኔማ በጣም ደኅና ነኝ። ሥራውም ጥሩ ነው። እማዬስ?»

«ደኅና ናት፤ ገበያ ወጥታለች።»

ንግግሩ ከሁለት ደቂቃ አልበለጠም። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ለማንም ሳይሆን ለራሷ እንደምትናገር ሆና፥ «እማዬ ከተኛች ሁለት ወሯ ነው። ብነግረው ምን ያደርጋል? መጨነቅ ብቻ ነው» አለች።

ጥግ ይዞ የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ ብርጭቆውን አስቀመጠና፥ «እሱስ ደኅና መሆኑን በምን አወቅሽ?» ብሎ ጠየቃት። ይህ ሰው በጆሐንስበርግ ዙሪያ በሚገኙት፥ የእኛ ሰዎች «ሎኬሽን» በሚሏቸው ሰፈሮች ስድስት ዓመት የሸቀጥ ሱቅ ይዞ የኖረ ነው፤ ዛሬ በያቤሎ ትንሽ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለችው። «እኔ ሱቄ የተቃጠለ ለት ማታ ለእናቴ ደውዬ፥ ደኅና ነኝ፥ ገበያውም ጥሩ ነው ብያታለሁ» አለ።

ከዚህ በኋላ የተነሣው ክርክር በየአገሩ የሚኖሩ ወገኖቻችን በያሉበት የሚከራከሩት ክርክር ነው።

በዞኑ መሥሪያ ቤት የሚሠራ አንድ ወጣት፥ «ይቅርታ አድርግልኝና ጥፋቱ የእናንተ ነው» ሲል ጀመረ። «የሰው መኪና ተደግፋችሁ ፎቶግራፍ የምትልኩት እናንተ። እዚህ ያለው ሰው ዲግሪውን ይዞ የወር ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለጤፍ አልበቃ ሲለው ያንን ፎቶግራፍ ያያል። ታዲያ ልቡ ቢሸፍት ይፈረድበታል?»

«ፎቶግራፉን የምንልከው እናንተ ስለምትጠይቁን ነው» ሲል ሰውዬው መለሰ። «የምልከው ገንዘብ ባነሰ ቁጥር ፎቶግራፉን አሳምረው ነበር። እንዴት ዋልክ ሳይሉኝ፥ ስንት ላክህ ይሉኛል። የእገሌ ልጅ ባለ አንድ ፎቅ ሠራ ይሉኛል። በብረት ፍርግርግ ውስጥ ቆሜ እንደምሸጥ፥ ሌሊት እዚያው ከሸቀጡ ጋር እንደምተኛ ለማን ልንገር? ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ።»

ጡረታ የወጡ አንድ የካሚዮን ሾፌር ደግሞ ሲያዳምጡ ቆይተው፥ «ልጆች፥ በእኛ ጊዜ ባሕር ማዶ የሚሄደው ተማሪ ነበር፤ በአውሮፕላን ይሄዳል፥ ዲፕሎማውን ይዞ ይመለሳል፥ ወንበር ይጠብቀዋል» አሉ።

«ጋሼ፥ አሁን ወንበሩ የለም» አላቸው ወጣቱ።

ሾፌሩ ያሉት እውነት ነው። ከጠላት ወረራ በኋላ ባሉት ዓመታት መንግሥት ለትምህርት ወደ ውጭ የላካቸው ወጣቶች አብዛኞቹ ተመልሰው በየመሥሪያ ቤቱ ገብተዋል። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ግን የሄደው መቅረት፥ ያልሄደውም መሰደድ ጀመረ። ከዚያም ወዲህ በ«ዲቪ» ዕጣ ወደ አሜሪካ፥ በቤት ሠራተኛነት ወደ ዐረብ አገሮች፥ በሞያሌም በኩል በኬንያ፥ በታንዛኒያ፥ በማላዊና በሞዛምቢክ አቋርጦ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄደው በረከተ። ትናንት ባሕር ማዶ የጥቂቶች ዕድል ነበር፤ ዛሬ የብዙ ቤት የኑሮ ምሰሶ ሆኗል። ከሐዲያና ከከምባታ የወጡት ወጣቶች በላኩት ገንዘብ ስንት ቤት እንደ ተሠራ፥ ስንት ታናሽ እንደ ተማረ ሆሳዕናን ያየ ሰው ይመሰክራል። ይህን መልካም ሥራ የሚያቃልል ሰው ቢኖር ውለታ ቢስ ነው።

ይሁን እንጂ የዚያ መንገድ ዋጋ በስልክ አይነገርም። በግንቦት 2000 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ በውጭ አገር ሰዎች ላይ በተነሣው ሁከት ከ60 በላይ ሰዎች ተገድለዋል፤ በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. እንደ ገና ሲነሣ በደርባን የኢትዮጵያውያን ሱቅ ባለቤቶቹ ውስጡ እያሉ ተቃጥሏል። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ፥ በቴቴ ክፍለ ሀገር፥ ከማላዊ በመጣ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ በሕይወት የተረፉት 14 ብቻ ናቸው። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በዛምቢያ ዋና ከተማ በሉሳካ ዳር ኢትዮጵያውያን እንደ ሆኑ የተገመቱ የ27 ሰዎች አስከሬን ተጥሎ ተገኝቷል። ከእነዚህም መካከል «ወንድሜ ደኅና ነኝ ብሎኛል» ብሎ የተነሣ እንደማይጠፋ እናምናለን።

ከጆሐንስበርግ የተመለሰው ሰው የነገረንም ይኸንኑ ነው። «ታናሽ ወንድሜ የተነሣው በእኔ ቃል ነው። እኔ አትምጣ አላልኩትም፤ ና አላልኩትም። ደኅና ነኝ ብቻ ነው ያልኩት። ታንዛኒያ ውስጥ ተይዞ ስምንት ወር ታሰረ። ተመልሷል፤ ነገር ግን ዛሬም ሌሊት ሌሊት ይቃዣል።» ይህን ሲናገር ወደ ማናችንም አልተመለከተም፤ ሻይ ቤቱም ለጊዜው ጸጥ አለ።

በዋሽንግተንና በሌሎች ታላላቅ ከተሞች የሚኖሩት ወገኖቻችን መንገዳቸው ሌላ ነው፤ ክርክራቸው ግን ይመሳሰላል። ለዘመድ ስንት ይላክ? ልጆቹ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ሳያውቁ ቢያድጉ ጥፋቱ የማን ነው? የሌላ አገር ፓስፖርት የያዘ ሰው ኢትዮጵያዊ ነው ወይስ እንግዳ? በሕጋችን ጥምር ዜግነት አልተፈቀደም፤ አዋጅ ቁጥር 270/1994 ግን ትውልደ ኢትዮጵያዊው ያለ ቪዛ እንዲገባ፥ ያለ ሥራ ፈቃድ እንዲሠራ መብት ሰጥቶታል፤ መምረጥና መመረጥ ግን ተከልክሏል። ቢጫውን መታወቂያ ይዞ ለዕረፍት የሚመጣው ሰውም ሁለት ሥራ እየሠራ በዕዳ ቤት እንደሚኖር ለዘመዶቹ የሚናገረው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ፓስፖርቱ ይለያይ እንጂ «ደኅና ነኝ» የሚለው ቃል አንድ ነው።

አሁን ወደ ቦረና ሽማግሌዎች እንመለስ፤ በዚህ ነገር የሚያስተምሩን አለና።

በ1900 ዓ.ም. ኢትዮጵያና እንግሊዝ ወሰናቸውን ሲዋዋሉ የቦረና ሕዝብ ለሁለት ተከፈለ። ኬንያም በ1956 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ በ1962 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር የወሰን ውል ተፈራርማለች። ነገር ግን ለቦረና ሽማግሌ ማርሳቢት የሰው አገር አይደለም። በየስምንት ዓመቱ «ጉሚ ጋዮ» በሚባለው ታላቅ ጉባኤ ከወሰኑ ወዲህም ወዲያም ያለው ዘመድ ተሰብስቦ ሕጉንና ችግሩን በአደባባይ ይነጋገራል። ለዚያ ጉባኤ ብዙ ቀን በእግር የሚጓዝ ሰው ነበረ። የእኛ ዘመን ወጣት በአንጻሩ ወዳጁን በአንድ ጣት የሚያገኝበት ስልክ በኪሱ ይዟል። ገንዘብ ከስልክ ወደ ስልክ መላክ በኬንያ በኤም ፔሳ በ1999 ዓ.ም. ተጀመረ፤ በአገራችንም ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ። ገንዘቡ ፈጠነ፤ እውነቱ ግን ወደ ኋላ ቀረ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው «ቡሳ ጎኖፋ» የሚባለው የመረዳዳት ሥርዐት ነው። በድርቅ ወይም በሌላ መዓት ከብቱ ያለቀበት ሰው በጎሳው ፊት ይቀርባል፤ ምን እንደ ነበረው፥ ምን እንደ ጠፋበት፥ በምን ምክንያት እንደ ጠፋበት ይናገራል። ጉዳዩ ከታየ በኋላ ዘመዶቹ ከየበረታቸው ከብት አዋጥተው እንደ ገና ያቆሙታል። ልብ በሉ፤ እርዳታው የሚጀምረው «አጣሁ» ከማለት ነው። ማጣቱን የደበቀ ሰው ጊደር አይሰጠውም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲቀር በቦረና ብዙ ሀብታም ባዶ በረት ታቅፎ ቀርቷል፤ በዚያን ጊዜ «ደኅና ነኝ» ማለት ኩራት ሳይሆን ራስን መግደል በሆነ ነበር።

በዚሁ አጋጣሚ ስለ ከብቱ አንድ ነገር ሳናነሣ አናልፍም። «ቦረን» የሚባለው ዘር ከዚሁ ቆላ የወጣ ነው። ወደ ኬንያ ከተሻገረ በኋላ አርቢዎች አሻሽለውት፥ ከዚያም ፅንሱ በበረዶ ተጠብቆ ወደ ዛምቢያ፥ ወደ ደቡብ አፍሪካና ወደ አውስትራሊያ ተልኳል። በደቡብ አፍሪካ የቦረን አርቢዎች ማኅበር አለ፤ የእያንዳንዱ ኮርማ አባትና እናት በመዝገብ ይጻፋል። እንግዲህ የአገራችን ኮርማ በክብርና በወረቀት የገባበት አገር የአገራችን ወጣት በኮንቴይነር ተደብቆ ይገባል። ለኮርማው የተቻለ ለሰው ለምን አልተቻለም? ብሎ መጠየቅ የእናንተ፥ የተማሪዎችና የወጣት ሹማምንት፥ ፈንታ ነው።

መንግሥት በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ሰውን በድብቅ ለሚያሻግሩ ደላሎች ጽኑ ቅጣት ወስኗል። ሕጉ ተገቢ ነው። ነገር ግን ሕግ ደላላውን ይይዝ እንደ ሆነ እንጂ በእኅትና በወንድም መካከል ያለውን የዝምታ ውል አይፈታም። ያ የእኛ የራሳችን ሥራ ነው።

በውጭ የምትኖረው ወንድማችን ሆይ፥ ገንዘቡን ስትልክ ዋጋውንም አብረህ ላክ። ስንት ሰዓት እንደምትሠራ፥ የት እንደምታድር፥ ምን እንደሚያስፈራህ ተናገር፤ መናገርህ ውርደት አይደለም፤ ታናሽህ ዐይኑን ገልጦ እንዲመርጥ ማድረግ ነው። እናንተም በአገር ቤት ያላችሁ ሰዎች፥ የታመመውን ታሟል፥ የጠፋውን ገንዘብ ጠፍቷል በሉ። አንተም በወንበር ላይ የተቀመጥህ ወጣት ሹም፥ ከስደት የተመለሰ ሰው ወደ ቢሮህ ሲመጣ «ምን ይዘህ መጣህ?» ብለህ አትመልከተው። ብዙ ሰው በሰው አገር የሚቀረው፥ ብዙውም የሚዋሸው ያችን ጥያቄ ፈርቶ ነው። ባዶ እጁን የመጣውን በአክብሮት ተቀብለህ፥ የሚያውቀውን ሙያ ጠይቀህ፥ ለንግድ ፈቃዱና ለብድሩ ብትረዳው አንዱን ቤተ ሰብ እንዳቆምህ ቁጠረው።

በማግስቱ ማለዳ አውቶቡስ ከመሳፈራችን በፊት ወደዚያች ሻይ ቤት ጎራ አልን። ባለቤቷ ዐይኗ ትንሽ ቀልቶ ነበር፤ ፊቷ ግን ከትናንቱ የቀለለ መሰለን።

«ማታ መልሼ ደወልኩለት» አለች ሻዩን እየቀዳች። «የእማዬን ነገር ነገርኩት።»

«ታዲያ ምን አለ?» አልናት።

«መጀመሪያ ብዙ ዝም አለ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ በኋላ እሱም የራሱን ነገረኝ።»

ምን እንደ ነገራት አልጠየቅናትም። እሷ ግን ሂሳቡን ስትቀበለን፥ «ታናሻችን ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ይጨርሳል። የክረምቱን መንገድ አስቦ ነበር። ዛሬ ከትምህርት ቤት ሲመለስ አስቀምጬ እነግረዋለሁ» አለችን።